«ለምን አይደግሙልኝም?»

አጎቴ የጭሮ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነበሩ። ጭሮ ማለቴ ለዛሬው አንባቢ እንዲገባው ነው እንጂ፣ እሳቸው እስከ መጨረሻው ከተማቸውን «አሰበ ተፈሪ» ከማለት አልተመለሱም። ገና ጎሕ ሳይቀድ «ሂርና! በዴሳ! ገለምሶ! መቻራ!» ብለው ሲጣሩ ድምፃቸው መናኸሪያውን አልፎ እኛ ቤት ይገባ ነበር። እናቴ የግድግዳ ሰዓት ገዝታ አታውቅም። ወንድሟ «ገለምሶ» ሲሉ እሳት ታያይዛለች፤ «ሚኤሶ» ሲሉ እኔን ለትምህርት ቤት ትቀሰቅሰኛለች። የምዕራብ ሐረርጌን ከተሞች ስም ያጠናሁት ከጂኦግራፊ መምህር ሳይሆን ከአጎቴ ጉሮሮ ነው።

ያ ድምፅ በ2004 ዓ.ም. ክረምት ሻከረ። መጀመሪያ «ብርድ ነው» ተባለ። ቀጥሎ «ጩኸቱ ነው፣ ትንሽ ይረፉ» ተባለ። ማር በዝንጅብል ተጠጣ፤ ዳማ ከሴ ተጨመቀ፤ ጤና አዳም በቡና ተሞከረ። ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። በዘጠነኛው ወር ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ቢያጥራቸው ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ ከዚያም በሪፈር ወረቀት አዲስ አበባ ገቡ። ከማንቁርታቸው ተቆርጦ የተመረመረው ሥጋ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። በ2005 ዓ.ም. የጨረር ሕክምና ተደረገላቸው። ድምፃቸውም ወፈር ብሎ፣ ግን የራሳቸው እንደሆነ ተመለሰ። ከአንድ ዓመት በላይ ተጣሩበት።

በ2007 ዓ.ም. መግቢያ ላይ እንደገና ሻከረ። ካንሰሩ ተመልሶ ነበር፤ ያውም በዚያው በቀድሞው ቦታ። ሐኪሞቹ ያለው መንገድ ቀዶ ሕክምና ነው አሉ። ማንቁርቱ ተነቅሎ ይወጣል፤ መተንፈሻው አንገት ላይ የሚከፈት ቀዳዳ ይሆናል፤ የጥንቱ ድምፅ አይመለስም። አጎቴ በዚያው ማታ ስልክ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ያ ጨረር አድኖኝ አልነበረም እንዴ? ታዲያ ለምን አይደግሙልኝም?»

እኔ ጋዜጠኝነት ተምሬያለሁ፤ ስለዚህ በሽታ ግን አንዲት መስመር አላነበብኩም ነበር። በሽተኛን ማጽናናት የዘመድ ወግ ነው ብዬ፣ «እንዴታ ጋሼ! ይደግሙልዎታል እንጂ፤ አይስጉ!» አልኳቸው።

ይህ ጽሑፍ የዚያች መልስ ዕዳ ነው። ከመናገሬ በፊት ማወቅ የነበረብኝን ታሪክ ዘግይቼ አጠናሁት። ሳጠናው ደግሞ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ወደዚያው ወደ አገሬ ወደ ጨርጨር እየመለሰ አመጣኝ።

ሁለት ሰዎች በአንድ ግንቦት

በግንቦት ወር 1879 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 1887) አንድ ፈረንሳዊ ከእንጦጦ ተነሥቶ በጨርጨር በኩል ወደ ሐረር ይጓዝ ነበር። የኢቱን ኦሮሞ አገር አቋርጦ፣ አጎቴ ስሟን ሲጣሩ በኖሩት በሂርና በኩል አለፈ። የደኑን ጥላና የቡናውን ተክል አድንቆ በማስታወሻው ጽፏል። ሰውየው አርተር ራምቦ ነው፤ ግጥሙን በሃያ ዓመት ዕድሜው ገደማ ጥሎ ነጋዴ የሆነው ባለቅኔ። ለንጉሥ ምኒልክ ያመጣውን ጠመንጃ ሸጦ፣ ሒሳቡ ሳይቀናው እየተመለሰ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ ይኸው ሰው ሐረር ላይ ጉልበቱን አመመው። እብጠቱ ሲብስበት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1891 በቃሬዛ ሆኖ፣ በ16 ሸካሚዎች እየተፈራረቁበት፣ እስከ ዘይላ ወደብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ። ካንሰር ነበርና በዚያው ዓመት በኖቬምበር በ37 ዓመቱ ሞተ። ከሐረርጌ ምድር ለካንሰር ሕክምና ፍለጋ ስለወጡ ሰዎች ብዙ የተጻፈ ነገር ባይኖርም፣ የራምቦ ቃሬዛ ግን ተጽፏል። ከጭሮ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድም 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ ተቀራራቢ ሲሆን ልዩነቱ ቃሬዛው አውቶቡስ መሆኑ ነው።

ራምቦ በጨርጨር ደን ውስጥ በሚጓዝበት በዚያው ወር በርሊን ላይ የጀርመን አልጋ ወራሽ ፍሬድሪክ ድምፁ ሻክሮ ተጨንቆ ነበር። የአገሩ ሐኪሞች ነገሩ ካንሰር ሳይሆን አይቀርም፤ ሳይስፋፋ ጉሮሮው ተከፍቶ ይውጣ ብለው ለቀዶ ሕክምና ተዘጋጁ። በመካከሉ የጉሮሮ ሊቅ የተባለው እንግሊዛዊው ሞሬል ማኬንዚ ተጠራ። ማኬንዚ ከእብጠቱ ቆንጥሮ አወጣ። የዘመኑ ታላቅ የሕዋስ ተመራማሪ ሩዶልፍ ፊርኾም መርምሮ በናሙናው ውስጥ ካንሰር አላገኘሁም አለ። ቀዶ ሕክምናው ቀረ፤ ቤተሰቡ ደስ አለው።

ደስታው ዓመት አልሞላም። እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 1888 አልጋ ወራሹ መተንፈስ ስላቃተው አንገቱ ተበሳ። በማርች አባቱ ሞተው ዙፋኑን ሲወርስ መናገር የማይችል ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ነበር፤ ፈቃዱን በብጣሽ ወረቀት እየጻፈ 99 ቀን ነገሠና በጁን 15 ቀን ሞተ። በጀርመኖቹና በማኬንዚ መካከል የተነሣው ጭቅጭቅ መጽሐፍ እስከ መጻጻፍ አደረሳቸው። በዚያ ዘመን የነበረው ቀዶ ሕክምና ያድነው ነበር ወይ የሚለው ዛሬም ያከራክራል። እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። በሽተኛ ሁለት ቃል ሲቀርብለት፣ አንዱ የሚያስፈራ ሌላው የሚያስደስት ከሆነ፣ የትኛውን እንደሚመርጥ ቀድሞ የታወቀ ነው። የሚያስደስተውን ቃል የሚናገር ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

ከዓድዋ ወዲህና ወዲያ

ራምቦም ፍሬድሪክም የሞቱት ጨረር ሳይታወቅ ነው። ቪልሄልም ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ሲሆን፣ የዓድዋ ጦርነት ሊሆን አራት ወር እንኳን አልቀረውም ነበር። አንባቢ ልብ ይበል፤ ኤክስሬይ በጦር ሜዳ ለቆሰለ ወታደር ለመጀመሪያ ጊዜ ያገለገለው ከኢትዮጵያ ጦርነት ተርፈው ለተመለሱ ጣሊያኖች ነው። በሜይ 1896 ኔፕልስ ከተማ በሚገኘው የጦር ሆስፒታል ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ ሐኪም በክንዳቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት በኤክስሬይ ፈለገው። የእኛ ጥይት መሆኑ ነው!

እ.ኤ.አ. በ1898 ማሪና ፒየር ኩሪ ራዲየምን አገኙ። ጨረር ሥጋን እንደሚያቃጥል ወዲያው ታወቀ፤ ጤነኛውን ሥጋ የሚያቃጥል ከሆነ በሽተኛውንም ያቃጥላል ተብሎ በካንሰር ላይ ተሞከረ። ችግሩ ልኩ አለመታወቁ ነበር። ስንት ይሰጥ? በስንት ቀን? ማንም አያውቅም። ሐኪሞቹ ሳይቀሩ በጨረሩ እጃቸው እየቆሰለ፣ ጣታቸው እየተቆረጠ የተማሩት ትምህርት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1924 ወደ ብራስልስ እንሂድ። በዚያ ዓመት ራስ ተፈሪ መኮንን አውሮፓን ሲጎበኙ ቤልጅግንም አይተዋል። በዓመቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ ታላቁ የኦፔራ ደራሲ ጃኮሞ ፑቺኒ የጉሮሮ ካንሰር ይዞት፣ «ቱራንዶት» የተባለውን ሥራውን ሳይጨርስ፣ ራዲየም ፍለጋ ወደዚያችው ከተማ ገባ። ብራስልስን የመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቤልጅግ ከኮንጎ ካታንጋ በምታስጭነው ማዕድን ከ1922 ጀምሮ ራዲየም እያወጣች የዓለምን ገበያ ይዛ ነበር። የአፍሪካ አፈር አውሮፓ ውስጥ መድኃኒት ሆነ ማለት ነው። ፑቺኒ መጀመሪያ ራዲየም ያለበት መታጠቂያ አንገቱ ላይ ታሰረለት፤ ቀጥሎ የራዲየም መርፌዎች ጉሮሮው ውስጥ ተሰኩ። ከቀናት በኋላ፣ ኖቬምበር 29 ቀን፣ ልቡ ደክሞ ሞተ።

በእኛ በኩል በዚያው በ1920ዎቹ ጨርጨርን እንዲያስተዳድሩ የተሾሙት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ፤ በሩስያ የተማሩት፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት፣ ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰው። ጨርጨርን የሥልጣኔ አርአያ የሆነ ግዛት፣ አሰበ ተፈሪንም ዋና ከተማው ለማድረግ ደከሙ። ጨረር በጉሮሮ ላይ ልኩን ሲፈልግ በነበረበት ዘመን የአጎቴም ከተማ መንገዷን እየቀየሰች ነበር ማለት ነው።

የፓሪሱ አውራ በግ

ልኩን ያስተማረው በግ ነው። ይህን ያነበብኩ ዕለት ብቻዬን ስቄያለሁ።

ገበሬያችን በግ የሚያኮላሽበት የራሱ ዘዴ አለው። በፓሪስ የራዲየም ተቋም የነበረው ክሎድ ሬጎ ግን አውራ በግን በጨረር ለማምከን ሞከረ። ጨረሩን በአንድ ጊዜ ሲሰጠው፣ የበጉ ቆዳ ክፉኛ ሳይቃጠል ማምከን አልተቻለም። ያንኑ ከፋፍሎ በብዙ ቀን ሲሰጠው ግን በጉ መከነ፤ ቆዳውም ተረፈ። ምሥጢሩ እንዲህ ነው። የበጉ ዘር የሚፈልቅበት ሥጋ ቶሎ ቶሎ የሚራባ ሕዋስ አለው፤ በዚህ ካንሰርን ይመስላል። ቆዳው ደግሞ ፋታ ካገኘ ቁስሉን ይጠግናል። ስለዚህ ጨረር እንደ ጎርፍ በአንድ ጊዜ ሳይሆን እንደ ካፊያ በየቀኑ ቢወርድ ጠላትን እየገደለ ወዳጅን ያተርፋል።

የሬጎ ባልደረባ ኦንሪ ኩታር ይህን ወደ ሰው ጉሮሮ አመጣው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የማንቁርት ካንሰር የያዛቸውን ሰዎች ጨረሩን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየሰጠ ለሳምንታት አከመ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ድምፃቸው ሳይጠፋ ዳኑ። ከዚያ በፊት ከማንቁርት ካንሰር ለመዳን ያለው ተስፋ ቢላዋ ብቻ ነበር። ቴዎዶር ቢልሮት እ.ኤ.አ. በ1873 ማለቂያ ላይ ቪየና ውስጥ በካንሰር የተያዘ ማንቁርትን ሙሉ በሙሉ ነቅሎ ካወጣ ወዲህ ማለት ነው።

ዛሬም የሚሠራበት ሒሳብ ከዚሁ የወጣ ነው። የጨረር መለኪያው «ግሬይ» ይባላል። ለእንዲህ ያለ ካንሰር በጠቅላላው ከ66 እስከ 70 ግሬይ፣ በየቀኑ 2 ግሬይ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ሰባት ሳምንት ያህል ይሰጣል። በድምፅ አውታር ላይ ገና በትንሽነቱ የተያዘ ካንሰር በዚህ መንገድ ከ10 ሰው በ8 ወይም በ9 ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ድምፁ ከሦስት ሳምንት በላይ ሻክሮ የቆየበት ሰው፣ በተለይም ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ፣ ጉሮሮውን ይታይ ይላሉ ሐኪሞች። ሦስት ሳምንት! እኛ ስምንት ወር ዝንጅብል ጠጣን።

እዚህ ላይ የአገሬ ሰው «ጫቱስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ገለምሶና በዴሳ በጫት የሚተዳደሩ ከተሞች ናቸው፤ ጥያቄው የእንጀራም ጭምር ነው። ትምባሆና አልኮል የማንቁርት ካንሰር መንሥኤ መሆናቸው የተረጋገጠ ነው። ጫትን በተመለከተ በየመንና በሳዑዲ ዐረቢያ ደቡብ ምዕራብ የተደረጉ ጥናቶች በተለይ ከአፍ ካንሰር ጋር በተያያዘ ጥርጣሬ አንሥተዋል፤ ነገር ግን የሚቅመው ሰው ብዙውን ጊዜ አጫሽም ስለሆነ የአንዱን ጥፋት ከሌላው መለየት አልተቻለም። አጎቴም ሁለቱንም ያዘወትሩ ነበርና በእሳቸው ላይ ዳኝነት መስጠት አልችልም።

ኮባልትና ለቅሶ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1951 ካናዳ ውስጥ ኮባልት 60 በተባለ ንጥረ ነገር የሚሠራ የጨረር መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሽተኛ አከመ። ከራዲየም እጅግ የረከሰ፣ ጠልቆ የሚገባና ለመያዝ የማያስቸግር ስለነበረ በዓለም ተሠራጨ። አንድ ጠባይ አለው፤ እንደ ሻማ ራሱን ይጨርሳል። በአምስት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። ሲያረጅ ያንኑ 2 ግሬይ ለመስጠት በሽተኛው መሣሪያው ሥር ዕጥፍ ጊዜ መተኛት አለበት።

ኢትዮጵያ ይህን መሣሪያ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1997፣ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ርዳታ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ከዚያ በፊት ጨረር የፈለገ ሰው ባሕር መሻገር ነበረበት፤ ያልቻለ እቤቱ ይቀራል። የሚገርመው ይህ ሆስፒታል መጀመሪያ የታነፀው ለመስፍነ ሐረር ለልዑል መኮንን መታሰቢያ ነበር፤ በአብዮቱ ጊዜ ነው ስሙ የተለወጠው። የሐረርጌ ሰው ለጨረር አዲስ አበባ ድረስ ሲሄድ ወደ ሐረር መስፍን መታሰቢያ መሄዱ ነበር። ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ የጨረር ሕክምና በሙሉ በዚያ አንድ ማዕከል ላይ ወድቆ ስለቆየ፣ ከጎንደርም ከጋምቤላም ከጨርጨርም የሚመጣው ሰው አንድ ወረፋ ላይ ይገናኝ ነበር። መንግሥት በኋላ ላይ ሕክምናውን በጅማ፣ በጎንደር፣ በሐዋሳ፣ በመቀሌና በሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ለማስፋፋት ዐቅዶ መሣሪያ ገዝቷል። ሐረር ከጭሮ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ናት።

ርቀቱን ለምን እንደማነሣ ልናገር። የጨረር ሕክምና እንደ መርፌ ተወግተው የሚመለሱበት አይደለም። ሰባት ሳምንት ማደሪያ ይፈልጋል፤ ምግብ ይፈልጋል፤ ጉሮሮ ሲቆስል አጥሚት የሚያፈላ ዘመድ ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ አለማቋረጥን ይፈልጋል። ጨረሩ ሲቋረጥ ጤነኛው ሥጋ ብቻ አይደለም የሚያገግመው፤ የተረፈው የካንሰር ሕዋስም ፋታ አግኝቶ ይራባል። በማንቁርት ካንሰር ላይ በተደረጉ ጥናቶች ሕክምናው በአንድ ቀን በተራዘመ ቁጥር በሽታውን የማጥፋቱ ዕድል በመቶ አንድ ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ባለ መጠን ይቀንሳል።

አጎቴ በአራተኛው ሳምንት ገለምሶ ላይ ታላቅ ወንድማቸው አረፉ። «ወንድሜ ተቀብሮ እኔ መብራት ሥር ልተኛ?» አሉና ተሳፈሩ። ማን ይከለክላቸዋል? እኔም አልከለከልኩ። በቀብርና በሠልስት፣ ለቅሶ ደራሽ በመቀበል ዘጠኝ ቀን ቆይተው ተመለሱ። የካንሰሩ መመለስ በዚያ ምክንያት ነው አልልም፤ እንዲህ ያለውን ማንም በአንድ ሰው ላይ ለይቶ ሊናገር አይችልም። የምለው፣ በለቅሶና በሒሳብ መካከል ሲቆሙ ሒሳቡን ያስረዳቸው ዘመድ አለመኖሩን ነው።

ሥጋ ይቆጥራል

እንግዲህ ወደ አጎቴ ጥያቄ እንመለስ። አንድ ጊዜ ያዳነ ጨረር ለምን አይደገምም?

መልሱ፣ ካንሰሩ የተቀመጠው ባዶ ሜዳ ላይ ስላልሆነ ነው። ከማንቁርት ኋላ ጉሮሮ አለ፤ ከዚያ ኋላ አከርካሪና በውስጡ ያለው ሕብለ ሰረሰር አለ፤ ግራና ቀኝ ወደ አንጎል የሚወጡት ታላላቅ የደም ሥሮች አሉ። የመጀመሪያው ጨረር ሲሰጥ እነዚህም ድርሻቸውን ተቀብለዋል። ሕብለ ሰረሰር በተለመደው አሰጣጥ በደኅና የሚችለው ከ45 እስከ 50 ግሬይ ያህል ሲሆን፣ ከዚያ ብዙ ካለፈ እጅና እግር ሽባ ሊሆን ይችላል። ቆዳው ድኖ፣ ጉሮሮው ድኖ፣ ሰውየው ቡናውን እየጠጣ ቢታይም ውስጡ ያለው ሥጋ የተቀበለውን ቆጥሮ ይዟል። ጥቃቅን የደም ሥሮቹ ጠበዋል፤ ሥጋው ደርቋል፤ ሁለተኛ ቢመታ እንደ በፊቱ አይጠግግም።

ጥቂት ይረሳል እንጂ ጨርሶ የማይረሳ አይደለም። ኪያን አንግ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሬሰስ ጦጣዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ የጦጣዎቹ ሕብለ ሰረሰር ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት በሚሆን ጊዜ ውስጥ ከመጀመሪያው ጉዳት አብዛኛውን ማገገሙን አሳይተዋል። ሁለተኛ ጨረር ጨርሶ የማይሞከር ያልሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ሐኪሞች ግን ሲያስቡት ይጠይቃሉ። ከመጀመሪያው ስንት ጊዜ አለፈ? ከስድስት ወር በታች ከሆነ አይታሰብም ማለት ይቻላል፤ ከሁለት ዓመት በላይ ሲሆን ተስፋው ይሻላል። እብጠቱ ትንሽ ነው? በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል? የሚችል ከሆነ ቢላዋው ይቀድማል።

ቢላዋ በማይቻልበት ጊዜ የተደረገውን ሙከራ ቁጥር ልንገር። እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 ውጤታቸው የታተመ ሁለት የአሜሪካ ጥናቶች የራስና አንገት ካንሰር ተመልሶባቸው ቀዶ ሕክምና ላልተቻለላቸው ሰዎች 60 ግሬይ ጨረር ከመድኃኒት ጋር ደግመው ሰጡ። በአንደኛው ጥናት ከመቶው 15 ያህሉ፣ በሌላው 26 ያህሉ ሁለት ዓመት ኖሩ። ከመቶው 8 ያህሉን ደግሞ ሕክምናው ራሱ ገደላቸው። ከሚፈራው ሁሉ የከፋው ታላቁ የአንገት ደም ሥር ተዳክሞ መፈንዳቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ባይደርስም፣ ሲደርስ ከአራቱ ሦስቱን ይገድላል። ዛሬ ጨረሩን እንደ ልብስ ስፌት በእብጠቱ ቅርፅ ልክ የሚቆርጡ መሣሪያዎች በመምጣታቸው ጉዳቱ ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

የተደጋገመ ጨረር ሰውን ምን እንደሚያደርግ ለማየት የሲግመንድ ፍሮይድን መጨረሻ ማንበብ ይበቃል። ካንሰሩ በላንቃው ላይ የነበረ ቢሆንም ለጉሮሮ ጎረቤት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ ከ30 ጊዜ በላይ በቢላዋ ታከመ፤ በየመካከሉ ራዲየምና ኤክስሬይ ተሰጠው። በ1939 እንደገና ሲነሣበት ከፓሪሱ የራዲየም ተቋም ሊቁ አንቷን ላካሳኝ ለንደን ድረስ ተጠራ። ቢላዋ የማይቻል ስለነበር እንደገና በኤክስሬይ ታከመ። የመንጋጋው አጥንት እየሞተ፣ ጉንጩ ተቀዶ ሽታው የከፋ ሆነና የሚወደው ውሻው እንኳን ሊቀርበው እምቢ አለ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ሞተ።

የቢላዋውንም ወገን ሳልናገር ብቀር ሚዛኑን መስረቅ ይሆንብኛል። ማንቁርቱ የወጣለት ሰው ጨርሶ ዲዳ አይሆንም። በጉሮሮው አየር ውጦ እያወጣ መናገርን የሚለማመድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 ሲንገርና ብሎም የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ባሳወቁት ዘዴ ደግሞ በመተንፈሻው ቧንቧና በጉሮሮው መካከል ትንሽ መሸጋገሪያ እየተተከለለት፣ በጣቱ ቀዳዳውን ከድኖ የሚነጋገር ብዙ ሰው አለ። ድምፁ የጥንቱ አይደለም፤ መናኸሪያ ላይ አይጣራም። ግን ልጁን በስሙ ይጠራል። አጎቴ በደወሉልኝ ማታ ይህን የማውቅ ብሆን ኖሮ የምላቸው ነገር ሌላ ነበር።

ብጣሽ ወረቀት

ቃሌን ይዘው ቀዶ ሕክምናውን እምቢ አሉ። «የተማረችው ልጅ ጨረሩን ይደግሙልሃል ብላኛለች» ብለው ለእናቴ ነገሯት። አሰቦት ገዳም ወጥተው ተጠመቁ። ጠበሉ አልጎዳቸውም፤ የጎዳቸው ያለፈው ቀን ነው። ሦስት ወር ከተቀመጡ በኋላ ትንፋሽ ሲያስጨንቃቸው እንደገና አዲስ አበባ አመጣናቸው። ለመተንፈሻ አንገታቸው ላይ ቱቦ ገባላቸው። እብጠቱ ከማንቁርቱ አልፎ የአንገቱን ደም ሥር ከቦ ነበርና ቀዶ ሕክምናው ከዚያ ወዲያ የሚቻል አልሆነም።

በመጨረሻ ጨረሩ ተደገመላቸው። አምስት ቀን ብቻ፤ ለማዳን ሳይሆን ሕመሙን ለማስታገስና ደሙን ለማቆም የሚሰጥ ጥቂት ጨረር። እንደዚያ ያለው ሰውየው የቀረው ጊዜ አጭር ሲሆን የሚሰጥ ነው። ዓመታት ቆይቶ የሚመጣውን ጉዳት ሥጋው ሊያሳይ ጊዜ አይኖረውምና። ሐኪሙ ይህን ለእኔ ለብቻዬ በዝግታ አስረዳኝ። እኔ ለአጎቴ አላስረዳሁም።

በአምስተኛው ቀን ከክፍሉ ሲወጡ ሕመሙ ቀለል ብሎላቸው ፊታቸው ፈክቶ ነበር። መናገር ስለማይችሉ ከኪሳቸው የመናኸሪያ መውጫ ደረሰኝ ጀርባውን ገልብጠው በእስክሪብቶ ጻፉልኝ፦

«አየሽ፣ ደገሙልኝ።»

ራሴን ነቀነቅሁ። «አዎ ጋሼ፣ ደገሙልዎት» አልኳቸው።

በሰኔ ወር ጭሮ ላይ አረፉ። ሬሳቸው በመናኸሪያው በር ሲያልፍ ሾፌሮቹ ሞተር አጥፍተው ቆሙ። ብጣሿ ወረቀት እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ አለች። በአንድ ፊቷ የአጎቴ ጽሑፍ፣ በሌላው ፊቷ «ገለምሶ» የሚል የመሥመር ስም አለባት።

አንባቢ ሆይ፣ ከዘመድህ አንዱ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢጠይቅህ፣ የምታውቀው ካልሆነ «ሐኪሙን አብረን እንጠይቅ» በለው። ይህም ማጽናናት ነው።

ቸር ይግጠመን።